ሶምሶማን አትናቁ፦ ሱሉልታ ላይ ለሰፈር ሯጮች የተደረገ ንግግር

(ባለፈው እሑድ ከሩጫ በኋላ በዕድራችን አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ሰዎች ስለጠየቁኝ ከስልክ ቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ሳቁንና ጫጫታውን ብቻ ቀንሻለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተን? ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ፣ የኋላው ወንበር ለለቅሶ ቀን ይቆይ። የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ ስለ አዳራሹ በጣም እናመሰግናለን። ሻዩን ያፈሉልን እናቶች፣ እጃችሁ ይባረክ።

ዛሬ ማን ማን መጣ? ሐኪም «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀሺ» ያላት እናት አለች። ታላቁ ሩጫን እየጨፈረ ጨርሶ ዘንድሮ ከምር መሮጥ ያማረው አለ። ግማሽ ማራቶን የሚያስብ አለ፣ ሙሉውንም የሚያስብ አለ። እዚያ ጥግ ላይ የተደረደራችሁት ልጆች ደግሞ ሐሳባችሁ ክለብ መግባት እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ፕሮግራም አይሰጥም። የሚሰጥ ካለ ገንዘባችሁን ሊበላ ነው።

ግን አንድ በሽታ ሁላችሁንም ይዟችኋል። ምን መሰላችሁ? ሶምሶማ ትንቃላችሁ። አዎ፣ ትንቃላችሁ! «ዛሬ ሶምሶማ ብቻ ነው የሠራሁት» ስትሉ እሰማለሁ፣ እንደ ማፈር እያላችሁ። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ «ብቻ» ነው። መጀመሪያ ለጀማሪዎች፣ ቀጥሎ 10 ኪሎ ሜትር ለለመዱ፣ ከዚያ ረጅሙን ለሚያስቡ አወራለሁ። መሃል መሃል ከመንገድ ብወጣ ታገሡኝ፣ አመሌ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ክለብ ውስጥ የሮጥኩ ሰው ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሯሯጭ ሆኜ። ስሜን ዜና ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። አሯሯጭ ሥራው ፍጥነት መያዝ ነው፤ «ይህን ያህል ሩጥ» ተብሎ የተነገረውን ይሮጣል፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጥሩ ስሜት ተሰማኝ ብሎ ከጨመረ ቀጣሪውን ገደለ ማለት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከትልልቆቹ አትሌቶች ጋር ጫካ የገባችሁ አላችሁ? እሺ፣ አንድ፣ ሁለት እጅ አየሁ። ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚሮጠው በሰልፍ ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከኋላው እግሩን እግሩ ላይ እያሳረፈ ይከተላል። መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ዛፉ መሃል ይጠማዘዛል፣ ዳገቱን በሰያፍ ይወጣል፣ ዞሮ ይመለሳል። ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በጣቱ ያሳያል። ተከታዩ ለቀጣዩ ያሳያል፣ እንዲያ እንዲያ እያለ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። ማንም አያወራም። የሚሰማው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው።

ፍጥነቱስ? መጀመሪያ ላይ ብታዩት ትስቃላችሁ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሊያልፏቸው ምንም አይቀራቸው። ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ግን በቀላል ቀን እስከ መጨረሻው ቀላል ነው። እነማን ናቸው እነዚህ ሰዎች? ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ማራቶኑን በ2:06:26 ሲጨርስ አይታችሁታል። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ያ ማለት 42 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ። በዚያ ፍጥነት ከእናንተ ስንቱ 400 ሜትር ይሄዳል? እኔ ዛሬ አልሄድም። እንደዚያ የሚሮጡ ሰዎች ጫካ ውስጥ እንዲያ ሲያዘግሙ እኛ ሰፈር ግን ሰው ከግቢው ሲወጣ ሌባ እንደሚያባርር ነው የሚነሳው!

ታምራትን ካነሳሁ ይህቺን ልጨምር። ለፓሪስ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የገባው። ተጠባባቂ ሆኖ ልምምዱን ባያቆም ኖሮ ያ ወርቅ አይመጣም ነበር። ክለብ የምታስቡ ልጆች ይህቺን ያዟት፣ እመለስበታለሁ።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ የቆማችሁበት ቦታ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው ነው፣ ግፊቱ ግን ስለሚቀንስ በየትንፋሹ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ካለው ሰው ሩብ ያህል ያንሳል። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥቶ «ጠዋት አብረን እንሩጥ» አለኝ። ጋርሚን ሰዓት አስሯል፣ ጫማው ያበራል። «ፔሴ አምስት ሠላሳ ነው» አለ፣ ኪሎ ሜትሩን በአምስት ደቂቃ ተኩል እሮጣለሁ ማለቱ ነው። እሺ አልኩት። ከዋናው መንገድ ወደ ሜዳው መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱን እያየ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ።» እና ከኢንተርኔት የምታወርዱት ፕሮግራም ላይ የተጻፈው ፍጥነት የባሕር ዳርቻ ፍጥነት ነው፣ እዚህ አይሠራም። እናንተም ዝቅ ያለ አገር ካለ ዘመዳችሁ ጋር በስትራቫ፣ በዚያ ሩጫ በሚመዘግበው የስልክ መተግበሪያ፣ አትፎካከሩ።

በሉ አሁን ወደ አንደኛው ልግባ። ጀማሪዎች።

ሩጫ ለምን ያቆማሉ ሰዎች? ስንፍና ነው እንዳትሉኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወረፋ በበዛበት ሰፈር ውሃ የሚቀዳ ሰው ሰነፍ አይደለም። የሚያቆሙት ስለሚያማቸው ነው። የሚያማቸው ደግሞ ስለሚቸኩሉ ነው። እዩ፣ ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትንፋሻችሁ ሲሰፋ ይታወቃችኋል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አደጋው ያለው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። ትንፋሹ «ሩጥ» ይላል፣ ቅልጥሙ ገና አልተዘጋጀም።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ መሃሉ ላይ እረፍት እያደረጋችሁ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ይህንን አሥር ጊዜ መደጋገም። ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ አለቀ፣ ወደ ቤት። በሚቀጥለው ሳምንት ወይም ከዚያ ቀጥሎ ባለው፣ ሰውነታችሁ ሲፈቅድ፣ ሶምሶማውን ትጨምራላችሁ፣ እርምጃውን ትቀንሳላችሁ። ሁለት ሦስት ወር ቢወስድስ? ማን አባሮን?

ፍጥነቱን በምን እናውቃለን ካላችሁ፣ ሰዓት አያስፈልግም። ኦርቶዶክሱ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ሙስሊሙ ፋቲሐን እየሮጠ ድምፁን አውጥቶ ይበል። ሳይቆራረጥ ከወጣለት ፍጥነቱ ልክ ነው። መሃል ላይ አየር ከሳበ ይቀንስ። እንዲህ ስል አንዲት እናት «ታዲያ እየሮጥን ጸሎት ሊደርስ ነው?» አለችኝ። እሱን ለቄሱ ተዉት።

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት ናት። ምጣድ ፊት ስትቆም የምትውል ናት፣ ጉልበቷ ያብጥ ነበር። ከግቢዋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እርምጃ ጀመረች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በዚያው ጫማዋ። ልጆቹ ይስቁ ነበር። ቆይታ ዳገቱን በእርምጃ፣ ቁልቁለቱን በሶምሶማ አደረገችው። እኔ ብሆን ተቃራኒውን ነበር የምመክራት፣ ቁልቁለት ጉልበት ይጎዳል ብዬ። አንድ ቀን ስነግራት ወዲያው ቀየረችው፣ ከአንዳንዶቻችሁ ይልቅ ትሰማለች። ዘንድሮ ታላቁ ሩጫን ሳትቆም ጨርሳለች። እዚህ አለች፣ ስሟን አልጠራም ትደነግጣለች።

ወልደናል፣ ጊዜው አልፏል የምትሉ ሴቶች፣ ደራርቱ ቱሉን አስታውሱ። ወልዳ ተመልሳ ነው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈችው። በ2009 ደግሞ ኒው ዮርክ ማራቶንን፣ በ37 ዓመቷ። እናንተን ኦሊምፒክ አልጋብዛችሁም፣ ሜዳው ድረስ ነው የምጋብዛችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቅልጥማችሁ ላይ ወይም እግራችሁ መዳፍ ላይ በአንድ ጣት ነክታችሁ «እዚህ ጋ» የምትሉት ሕመም ካለ፣ ስትሮጡም የሚብስ ከሆነ፣ ሩጫውን አቁሙ። አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ወጌሻ እንዳታሳሹት! ወጌሻ ለወለምታ ጎበዝ ነው፣ የሰፈራችን ወጌሻ አይቀየሙኝ፣ ለተሰነጠቀ አጥንት ግን ራጅ እንጂ ቅባት አይሆንም።

ከመንገድ ልውጣ ትንሽ። ጫማ። ካርቦን ያለበት ጫማ ካልገዛሁ ብሎ ብር የሚበደር ጀማሪ አለ። ለምን? ያ ጫማ ለውድድር ቀን ነው፣ ለሶምሶማ አይደለም። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ገብታችሁ ከገዛችሁ፣ ከላይ ማማሩን ሳይሆን ሶሉን እዩ። ተረከዙን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ካልተመለሰ ሞቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት፣ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ነው፣ ተዉለት።

ውሻም አለ። ከ12 ሰዓት በፊት የምትወጡ ታውቁታላችሁ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ አቁሙ። ቁሙ፣ ጎንበስ በሉ፣ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። የኢትዮጵያ ውሻ ይህንን ቋንቋ ያውቃል። ጅቡን ግን አትሞክሩት፣ ሲነጋ ውጡ። አስፋልት ላይ ስትሆኑ ደግሞ መኪና ፊት ለፊታችሁ እንዲመጣ በግራ በኩል ሩጡ። የጎጃም መንገድ ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ አይታይም።

ወደ ሁለተኛው። 10 ኪሎ ሜትር የለመዳችሁ።

ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር ይህን ያህል ሰው ለጤና ይሮጣል ብሎ ያሰበ ብዙ አልነበረም። ኃይሌና አጋሮቹ ይመስገኑ። አሁን የየሰፈሩ ሰው ይሮጣል። ግን ብዙዎቻችሁ በየዓመቱ ያው ሰዓት ነው የምትገቡት። ለምን? የእናንተን የቴሌግራም ግሩፕ አየሁት። ሰኞ በኪሎ ሜትር ስድስት ደቂቃ። ረቡዕ ስድስት ደቂቃ። ቅዳሜ ስድስት ደቂቃ። ሁሌ ስድስት! ለሶምሶማ ፈጥኗል፣ ለፍጥነት ልምምድ ዘግይቷል። መሃል ቤት ቀርታችኋል። ሁሌ ደክሟችኋል፣ ግን አትፈጥኑም።

ምን ይደረግ? አራት ቀን ከሮጣችሁ ሁለቱ ሶምሶማ ይሁኑ፣ ከምር ሶምሶማ፣ በሰባት፣ በሰባት ተኩል። አፍራችሁ ስትራቫ ላይ ካልለጠፋችሁት አትለጥፉት። አንዱ ረጅም፣ እሱም በዝግታ። አንዱ ብቻ ፍጥነት። ፍጥነቱን ሜዳው ላይ ሥሩት፣ ሣሩ ሲደርቅ ተስማሚ ነው፣ ክረምት ላይ ግን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሃያ ደቂቃ አሟሙቁ፣ ሰውነት አፍታቱ፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዘገም፣ አምስት ጊዜ። «ፈጠን» ማለት ሁለት ሦስት ቃል ከማውራት የማያሳልፍ ማለት ነው። አምስተኛውን ስትጨርሱ አንድ ተጨማሪ መድገም የምትችሉ መሆን አለባችሁ። መሬት ላይ ከተዘረራችሁ ልምምድ አልሠራችሁም፣ ውድድር ነው ያደረጋችሁት፣ ያውም ያለ ሜዳሊያ።

«አትሌቶቹ እኮ በሳምንት ከዚህ እጥፍ ይሠራሉ» ይለኛል አንዱ። እውነት ነው ወንድሜ። ግን ከልምምድ መልስ ምን ያደርጋሉ? ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ቀን! መጋረጃ ዘግተው። እረፍታቸው ሥራቸው ነው። አንተስ? ታጥበህ ታክሲ ሰልፍ ትቆማለህ፣ ፒያሳ ድረስ ትንጠለጠላለህ፣ ቢሮ ውስጥ ስምንት ሰዓት፣ ሲመሽ እንደገና ሰልፍ። የእሱን ልምምድ ወስደህ የእሱን እንቅልፍ ካልወሰድክ የተረፈህ ድካሙ ብቻ ነው። በዚህ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ፤ ከስድስት ሰዓት በታች የተኛ ሰው የፍጥነት ቀኑን ወደ ሶምሶማ ይቀይር። አይከራከረኝ።

ለማወቅ ያህል፣ ትልልቆቹ ቦታም ይመርጣሉ። ለቀላሉ ቀን እንጦጦና እዚህ እኛ ጋ፣ ከፍታውና ለስላሳው መሬት ስላለ። ለፍጥነቱ ደግሞ ዝቅ ወዳለው ይወርዳሉ፣ ሰበታ፣ አቃቂ። ኦክስጅኑ ትንሽ ሲሻል እግር በእውነተኛ ፍጥነት ይሠራል። አስፋልት ልምምድ ሲሆን ሰንዳፋ መንገድ፣ ሰርቪስ መኪና ከኋላ ውሃ ይዞ እየተከተለ። እኛ መኪና የለንም፣ ግን ለፍጥነት ቀን ዳገት አለመምረጥ እንችላለን።

ሦስተኛ። ግማሽና ሙሉ ማራቶን።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ እዚህ ይበዛል። 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የገባ ሰው «አራት ጊዜ ልድገመውና ማራቶን ነው» ይላል። አይደለም። ሰውነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር አለ። ብዙ ሰው ላይ ያ ስንቅ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያልቃል። የቀሩት 12 ኪሎ ሜትሮች ሌላ ዓለም ናቸው። እግር አለ፣ ነዳጅ የለም። በዝግታ የምትሮጧቸው ረጅም ሩጫዎች ሰውነት ስብ ማቃጠልን እንዲለምድ፣ ስኳሩን እንዲቆጥብ ያስተምሩታል። ሶምሶማ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው!

ረጅሙን ሩጫ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሩ። ሦስት ሳምንት ጨምራችሁ በአራተኛው ቀንሱ። ለማራቶን እስከ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ትደርሳላችሁ፣ ለግማሹ 18 ገደማ ይበቃል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት መጠኑን ቀንሱ። እዚህ ጋ ሰው ይፈራል። «ልምምዱ ይጠፋብኛል» ብሎ በመጨረሻው ሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው አውቃለሁ፤ ውድድሩን ከአንድ ካፌ በረንዳ ላይ ሆኖ ነው ያየው።

ምግቡስ? በሶ አለላችሁ። የውጭ አገር ጄል በብዙ ብር የሚገዛ አለ፣ መብቱ ነው። በሶ በማር ከሩጫው ሁለት ሰዓት በፊት፣ ቀጠን አድርጎ። በመንገድ ላይ ማርና ውሃ። ግን በልምምድ ሞክሩት። የውድድር ቀን አዲስ ምግብ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ የለም!

ጾምን የጠየቀኝ አለ። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ረጅሙን ሩጫ ለቅዳሜና እሑድ ያድርገው፣ ያኔ ጠዋት እህል ይፈቀዳል። በሌላው ቀን ሶምሶማ ብቻ፣ ቢቻል ከመብላቱ ትንሽ ቀደም ብሎ። ረመዳን ላይም እንደዚያው፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ወዲያው ውሃና ቴምር። በጾም ወር ሪከርድ አይሰበርም፣ ያላችሁን ጠብቃችሁ መውጣት በቂ ነው። ስኳርና ግፊት ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ እኔ አሯሯጭ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

እናንተ ልጆች፣ አልረሳኋችሁም። በ16 እና በ17 ዓመታችሁ አስፋልት ላይ ግማሽ ማራቶን ካልሮጥን የምትሉ አላችሁ፣ ብሩ እዚያ ነው ስለተባላችሁ። ትዕግስት አሰፋን ታውቋታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነው። ስምንት መቶ! በ2022 የመጀመሪያ ማራቶኗን ሪያድ ላይ በ2:34:01 ጨረሰች። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:15:37። በ2023 እዚያው በርሊን 2:11:53፣ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ፍጥነቱን አስቀድማ ይዛ ነው ወደ ረጅሙ የሄደችው። እናንተ በዚህ ዕድሜ ሜዳና ጫካ ይበቃችኋል፣ ትምህርታችሁንም አትልቀቁ። ክለብ ምርጫ ላይ ብትቀሩ ደግሞ ተጠባባቂው ሰውዬ ትዝ ይበላችሁ። ልምምድ የሚቆመው በምርጫ ውጤት አይደለም። መርፌም ሆነ ኪኒን «ለጉልበት ነው» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለወላጅ ንገሩ። ለእኔም ንገሩ።

ብዙ አወራሁ፣ ሻዩም ቀዝቅዟል። ከማክሰኞ ጀምሮ በሦስት ቡድን እንከፈላለን። ጀማሪዎች ከጠዋቱ 12 ተኩል ሜዳው መግቢያ ላይ፣ የሚመራችሁ እኔ ነኝ፣ ማንም አይቀድመኝም። የ10 ኪሎ ሜትሮቹ በ12 ሰዓት፣ ረጅሞቹ ቅዳሜ። ለቡድኑ መሪ የሚሆን ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። መስፈርቱ አንድ ነው፣ ከኋላው ያለው ሰው ሲቀር ዞሮ የሚያይ። ውሃ የየራሳችሁን ያዙ። ውሻ የሚፈራ መሃል ይግባ። አሁን ጥያቄ ካለ፣ እጅ አውጡ... እሺ፣ እርስዎ ጋሼ፣ ቀጥሉ።